ባንኩ ደመና አያውቅም

ሐሙስ፣ ቀን 7

ደብተሬ፣ ትውውቃችንን በውርደት ልጀምረው። መጀመሪያ «ውድ አንባቢዬ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት የመጽሔት ዓምድ የጻፈች እጅ ሌላ አጀማመር አታውቅም። አንቺን ግን ማንም አያነብሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ።

ዛሬ ከእህቴ ጋር ባንክ ሄድኩ። አዲሱን ጃኬቴን ለብሻለሁ፣ እግሬን አነባብሬ ተቀምጫለሁ፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኛል። አይተውኛልም። የውጭ ንግድ ክፍሉ ሰውዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልገው ረጅሙ ሰው፣ ጎንበስ አለና «ይቅርታ እመቤቴ፣ ከአንገትዎ ኋላ ወረቀት ተንጠልጥሏል» አለኝ። ብዳብሰው የዋጋ ካርድ ነው። በትልልቅ ቀይ ፊደል «ቅናሽ» ይላል። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ገበያውን አቋርጬ፣ ለዘበኛው ሰላምታ ሰጥቼ የመጣሁት በቅናሽ ላይ ሆኜ ነው ማለት ነው። ባለመነጽሩ ከመሳቢያው መቀስ አውጥቶ ክሩን ቆረጠልኝ። «ወረቀት ብዙም አያመልጠኝም» አለ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። እህቴ እስከ ቤት ድረስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ካርዱን አልጣልኩትም፤ ያቆምኩበትን ገጽ ማወቂያ አድርጌዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ። እህቴ የብርድ ልብስ ሽመና ቤት አላት። ስድስት ማሽን፣ አሥራ አራት ሸማኔ፣ እርጥበት ያሳበጠው የማይገጥም የእንጨት በር። እኔ ፎቁ ላይ ነው የምኖረው፤ ማሽኑ ሲቆም ነው እንቅልፌ የሚጠፋው። እናታችን ስታርፍ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ አንድ። እንግዲህ «አሳደገችኝ» የሚለው ቃል ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። እኔ እታለም እላታለሁ፣ እሷ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው ብላት እንኳ ሚጣ ነው የምትለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ሸጠች። ሁለት ሺህ አራት መቶ ብርድ ልብስ። ክሩን ከክር ነጋዴው በዱቤ ወሰደች፣ ሁለቱን አዳዲስ ማሽኖች አስይዛ፤ ቀኑ 30 ሲሆን ወይ ገንዘቡ ወይ ማሽኑ። ዕቃው ባለፈው ዓርብ፣ በወሩ መጀመሪያ፣ መርከብ ላይ ወጥቷል። ገዢውን አይተነው አናውቅም፣ እሱም አያውቀንም፣ ለዚህ ነው ኤልሲ የሚባለው ነገር መሀላችን የገባው። በሕግ ቋንቋ የባንክ መተማመኛ ሰነድ ነው። ባለመነጽሩ በትዕግሥት ሲያስረዳን እኔ በልቤ እንዲህ ተረጎምኩት፦ የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች አንዲት ነገረኛ አክስት መሀል አስቀመጡ። አክስቲቱ «እናንተ ስለ ዕቃው የተነጋገራችሁት የራሳችሁ ጉዳይ ነው። የተባሉትን ወረቀቶች፣ በተባለው ቀን፣ እንደተባሉት አድርጋችሁ ካመጣችሁ እኔው ከራሴ ኪስ እከፍላለሁ» አለች። የገዢው ባንክ ቃል ገብቷል፣ የእኛም ባንክ የራሱን ቃል ጨምሮበታል።

ወረቀቶቹን ዛሬ አስገባን። የሽያጭ ደረሰኙን፣ ኢንቮይስ የሚሉትን፣ እና የዕቃ ዝርዝሩን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፣ እሷ ፈረመች። ከኤልሲው ላይ መገልበጥ ብቻ ነበር፣ ግን እንዴት ያለ ደረቅ ጽሑፍ መሰለሽ። ትንሽ ለዛ ሰጥቼዋለሁ። ነገ ዓምዴን ካላስገባሁ አለቃዬ ይጮኻል፤ ልተኛ።

ሰኞ፣ ቀን 11

ከባንክ ምንም የለም። ባንኩ ለመመርመር አምስት የሥራ ቀን አለው። እታለም ስልኩን ኪሷ ውስጥ ሳይሆን እጇ ላይ ይዛ ነው የምትውለው። የሽመና ኃላፊው ጋሼ «እትዬ፣ ስልኩን ማሽን ላይ አስገቢው፣ ቢያንስ ክር ያወጣል» አላት። ሳቀች፣ ግን አላስቀመጠችውም።

ረቡዕ፣ ቀን 13

አልተቀበሉትም። እየሮጥኩ ነው የምጽፈው። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃው ስም በኤልሲው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም አሉ። የዕቃ ዝርዝሩም እንደዚያው። የጥራት ምርመራ ምስክር ወረቀቱም። ሦስት ወረቀት፣ አንድ ስህተት። እታለም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። በኋላ።

ያው ቀን፣ ማታ

ኤልሲው የሚለው «ግራጫ የጥጥ ብርድ ልብስ፣ በማሽን የተሸመነ» ነው። ኢንቮይሱ ላይ ደግሞ «ለስላሳ የክረምት ብርድ ልብስ፣ የደመና ቀለም» የሚል ተጽፏል። ተጽፏል እንግዲህ። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ ይፈጠራል።

እታለም «ጌታዬ፣ ዕቃው እኮ ያው ዕቃ ነው፤ መጋዘን ገብተው ይዩት ነበር» አለችው ባለመነጽሩን።

«እመቤቴ፣ እኛ ብርድ ልብስ አናይም» አላት። «ወረቀት ነው የምናየው። ባንኩ ግራጫን ያውቃል፣ ደመናን አያውቅም።»

ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ወጣት ለጓደኛው «ደመና ግን ነጭ ነው ጥቁር?» ሲለው ሰማሁ። «እንደ ዝናቡ ነው» አለው ጓደኛው። ተሳሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

ይህ ሕግ የሰው ሕግ ነው? አሥራ አራት ሰው ሦስት ወር ሙሉ የሸመነውን ትቶ አንድ ቃል የሚያይ። አንቺ ደብተር፣ ተበሳጭቻለሁ። የመርከቡን ሰነድ ብታይ ደግሞ «ብርድ ልብስ፣ ስልሳ ጥቅል» ብቻ ነው የሚለው፣ እሱ ግን አለፈ። «አጭር ቢሆንም ከኤልሲው ጋር አይጋጭም» አለ ባለመነጽሩ። ትንሽ የተናገረ ዳነ ማለት ነው።

የባንኩ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፦ ሰነዶቹ ታርመው መርከቡ በተነሳ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ እንደገና ሊቀርቡ ይችላሉ። ዓርብ 22 ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን።

ሐሙስ፣ ቀን 14

ገዢው ሰማ። ባንኮቹ ተጻጽፈው «ልዩነቱን ትተህ ትቀበላለህ ወይ?» ብለው ጠየቁት። እቀበላለሁ አለ፣ ከመቶ ሃያ ከተቀነሰልኝ። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ «በወቅቱ የገበያ ሁኔታ ምክንያት» ይላል። ባለመነጽሩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋጋው ወርዶበት ይሆናል፣ ምክንያት ሲፈልግ ምክንያት አገኘ» አለን። ምክንያቱን ማን በእጁ እንዳስጨበጠው አልጠየቀም። ጨዋ ሰው ነው።

እታለም ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ሃያው ከተቀነሰ የሸማኔዎቹ ደሞዝ ይወጣል፣ የክር ነጋዴው ግን አይሞላለትም። አንዱ ማሽን ይሄዳል።

«የቱ ነው የሚሄደው?» አልኳት።

«የመስኮቱ ጥግ ያለው። ጥሩ የሚሠራው።»

«አትፈርሚ፣ እታለም። ወረቀቱ ይታረማል።»

«ማን ያርመዋል?»

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ረጅም አስተያየት ነው፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ የፈተና ውጤቴን ደብቄ ስገባ የምታየኝ ዓይነት። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችና «እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» አለች። ተነስታ መብራቱን አጠፋች። ደክሟት ነው።

ዓርብ፣ ቀን 15

ኢንቮይሱን እንደገና ጻፍኩት። ግራጫ። የጥጥ። ብርድ ልብስ። በማሽን የተሸመነ። ኤልሲውን በግራ እጄ፣ ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። የዕቃ ዝርዝሩንም። እነዚህ የእኛው ወረቀቶች ናቸው፣ ችግር የለም።

ችግሩ የምስክር ወረቀቱ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪው ዕቃውን አይቶ ሲፈርም የዕቃውን ስም ከኢንቮይሳችን ላይ ገልብጦ ነው የጻፈው። መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። «የፈረመው ሰው ራሱ ካልሆነ አይታረምም፤ እሱ ደግሞ እናቱ ወድቀው ተሰብረው አገር ቤት ሄዷል፣ የሚመለሰው ሰኞ 25 ነው» አሉኝ። ስልኩንም አያነሳም።

ደረጃው ላይ ስወርድ ከታች ሸማኔዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «የእትዬ እህት ጸሐፊ አይደለች እንዴ? ለምን እሷ አላየችውም?» አለች። ጋሼ «ዝም በይና ሽመኚ» አላት። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «አይታው ይሆናል» አለ።

ወደ ላይ ተመለስኩ። ዳቦ ልገዛ ነበር የወጣሁት።

እሑድ፣ ቀን 17

ሁለት ቀን ሙሉ ደወልኩ። ዛሬ ከሰዓት አንዲት ሴት አነሳችው፣ የተቆጣጣሪው እህት። «ወንድሜ እናቴ አጠገብ ነው፣ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ መምጣት ከፈለግሽ ነይ፣ በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው» አለችኝ። አድራሻውን ነገረችኝ።

እታለምን «ማክሰኞ እሄዳለሁ» አልኳት። «መሥሪያ ቤትሽስ?» «ዓምዴን ነገ እጽፋለሁ።» «ለአንድ ቃል ስምንት ሰዓት?» አለችኝ። እጇ ላይ የሚታጠፍ አንሶላ ነበር፤ አጥፋ አጥፋ ሊጠፋ ደረሰ። «ለአንድ ቃል» አልኩ።

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እመኚኝ ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «የዝናብ ልብስሽን ልውሰድ?» የሚል ነው።

ማክሰኞ፣ ቀን 19፣ አውቶቡስ ላይ

ፊደሌ የሚንቀጠቀጠው መንገዱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ጭኔ ላይ አንድ ብርድ ልብስ አለ። ተቆጣጣሪው ያኔ ራሱ ፈርሞ ጫፉ ላይ የብረት ማህተም አስሮ እኛ ዘንድ ያስቀመጠው ናሙና ነው። እሱን ካላሳየሁት በቃሌ አያምነኝም ብዬ ነው የተሸከምኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዳሰስ አደረጉት።

«ይሸጣል፣ ልጄ?»

«አይሸጥም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቀለሙን ላስመሰክር ነው።»

ከዚህ በኋላ አውቶቡሱ ችሎት ሆነልሽ። ሴትዮዋ አመድማ ነው አሉ። ከኋላ አንዱ «አመድማ አይደለም፣ የአህያ ቀለም ነው» አለ። ሚስቱ «አንተ ቀለም ታውቃለህ? ሸሚዝህን እኔ አይደለሁ የምመርጥልህ» አለችው። አንድ ወታደር ብርድ ልብሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋና አገላብጦ አየው። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ «እናንተዬ፣ ግራጫ ነው። ግራጫ ማለት ይኼ ነው። መልሱላት» አለ።

ተሳፋሪው አርባ ስድስት ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። አንድም ሰው ደመና አላለም።

ረቡዕ፣ ቀን 20

ቤቱን አገኘሁት። ተቆጣጣሪው እጅጌውን ሰብስቦ የእናቱን ትራስ እያስተካከለ ነበር፤ በሥራ ቦታ ሳየው እንደ ብረት ሳጥን የነበረ ሰው፣ እዚህ ድምፁ ሌላ ነው። እናትየው እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተጋድመዋል። ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው ከትራሳቸው ሥር ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? መጽሔቱን። ከሦስት ሳምንት በፊት የወጣውን።

«አንቺ ነሽ? አንብቢልኝ እስቲ። ልጄ ሲያነብልኝ እንደ ፖሊስ ሪፖርት ነው» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ስለ ጎረቤቴ ሠርግ የጻፍኩት ነው፤ የሙሽራዋን ቀሚስ «የማለዳ ጤዛ የሸመነው» ብዬዋለሁ። እዚያ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ጥሩ ትጽፊያለሽ፣ ግን ትንሽ ታበዢዋለሽ። ቀሚሱ ነጭ ነበር አይደል?»

«ነጭ ነበር፣ እማማ።»

«ነጭ በይዋ።»

ሻይ ቀረበ። ተቆጣጣሪው ማህተሙን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ብርድ ልብሱን ዘረጋ፤ ደጅ አውጥቶ በቀን ብርሃን አየው። የድሮውን ምስክር ወረቀት ቅጂ ሰጠሁት።

«ግራጫ ነው። ያኔም ግራጫ ነበር» አለ። ከዚያ ወረቀቱን እያየ ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ቃል መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው?»

ውሸት ሦስት ዓይነት ተደርድሮ አፌ ላይ መጣ። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ፣ ጥድፊያው፣ ኮምፒውተሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ማንም አላዘዘኝም። ግልበጣ ብቻ ነበር፣ ደረቅ መሰለኝና አሳመርኩት።»

እነሆ፣ አንቺም ላይ ጻፍኩት። ሰባት ቀን ሙሉ «ተጽፏል» ስል አይተሻል።

አልተቆጣም። «እኔም ሳላይ ገለበጥኩት፤ ዓይኔ ግራጫ አይቶ እጄ ደመና ጻፈ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ» አለ። አዲሱን ወረቀት የሚመታበት ማህተም ያለው ግን ከተማ፣ ቢሮው ውስጥ ነው። እናቱን ትቶ እንዲመጣ እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ? አልጠየቅኩትም። ከውስጥ እናትየው ጮክ ብለው «እህትህ እዚህ የለችም እንዴ? ሂድና ያበላሸኸውን አስተካክል» አሉ። ጆሯቸው አልተሰበረም።

ሐሙስ፣ ቀን 21

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ። ዝናብ መንገዱን ሁለት ቦታ ቆርጦታል፣ አንደኛው ጋ ወርደን በእግር ተሻገርን፣ ብርድ ልብሱን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ። ተቆጣጣሪው «ናሙናው እንዳይረጥብ» እያለ ከኋላዬ። ስለ እኔ ምንም አላለም።

ቤት የደረስኩት ማታ ነው። እታለም ሾርባ አሙቃ ጠበቀችኝ። የረጠበ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳት። ተቀምጬ ብነግራት የምሸሽ መስሎኝ ቆሜ ነው የነገርኳት። ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ፣ ያንቺን ሁለት ማሽንና የአሥራ አራት ሰው ደሞዝ ለአንዲት ደመና ብዬ።

ሾርባውን ቀዳች። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባንክ ቤት ሰውዬው ቃሉን ጮክ ብሎ ሲያነበው። ሚጣ፣ አንቺ ካልሆንሽ ብርድ ልብስን ደመና የሚለው ማን ነው? ጋሼ ነው?»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ስምንት ቀን ጠበቅኩሽ» አለች። ማንኪያውን አቀበለችኝ። «ደግሞ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ። አንቺ ጽፈሽዋል ብዬ።»

ይህ የመጨረሻው ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር። በቁጣ አልተናገረችውም፣ እንዲያው እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው። ሾርባውን ጨረስኩ። ጨው አንሶታል፣ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ቀን 22

የመጨረሻው ቀን። ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ቢሮ። የማህተም ሳጥኑ ቁልፍ ያላት ሴት አልመጣችም። አራት። አምስት። ልጇን ሐኪም ቤት ወስዳ ነው። ስድስት ተኩል ላይ መጣች፣ ይቅርታ እየጠየቀች። ምስክር ወረቀቱ ተጻፈ። ቃል በቃል አነበብነው፣ እሱ ኤልሲውን ይዞ፣ እኔ ምስክር ወረቀቱን ይዤ። «ግራጫ።» «ግራጫ።» «የጥጥ።» «የጥጥ።» ሴትየዋ የምንጸልይ መስሏት ዝም አለች።

ታክሲው በመኪና ሰልፍ መሀል ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ።

ባንኩ የሚዘጋው አሥር ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ገባሁ። እታለም በሩ ላይ ቆማለች፣ የቀሩት ወረቀቶች ደረቷ ላይ ታቅፈዋል። ባለመነጽሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ የመቀበያ ማህተሙን መታ፣ ሰዓቱንም በእጁ ጻፈበት። ከዚያ ጃኬቴን አየና «ዛሬ የተንጠለጠለ ነገር የለም» አለ።

አሁን እንደገና አምስት የሥራ ቀን።

ሰኞ፣ ቀን 25

የዚህን ሳምንት ዓምዴን፣ ስለ ሌላ ጎረቤት ሠርግ የጻፍኩትን፣ አለቃዬ ሲያነብ ቆይቶ ጠራኝ። «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። «ሠርጉ ጥሩ ነበር፣ ቀሚሱ ነጭ ነበር፣ ሰው በላ፣ ሄደ። ይኼ ምንድነው?» እንዲህ ነው የጻፍኩት መሰለኝ። አንድ ቦታ ሲጠበስ ሌላ ቦታ ቀዘቀዘብኝ። ዓምድ ላይ ለዛ ይፈቀዳል፣ ኢንቮይስ ላይ አይፈቀድም፤ ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት መጠበቅ አልነበረብኝም።

ረቡዕ፣ ቀን 27

መርከቡ ደርሷል። ገዢው ለባንኮቹ ጻፈ፦ ብርድ ልብሱ ከተላከልኝ ናሙና ጠቆር ያለ ነው፣ ክፍያው ይቁምልኝ። እታለም ደብዳቤውን ስትሰማ ሻርፗን አንስታ ቀድማኝ ወጣች። ሁለታችንም ባንክ ሄድን።

ባለመነጽሩ የገዢውን ደብዳቤ ለብቻው፣ ከሰነዶቹ ራቅ አድርጎ አስቀምጦታል።

«ጠቆር ይበል፣ ነጣ ይበል፣» አለ፣ «እኛ ብርድ ልብስ አናይም። ወረቀት ነው የምናየው። እሱ ቅሬታ ካለው ከእናንተ ጋር በሽያጭ ውላችሁ ይነጋገር፣ ፍርድ ቤትም ይሂድ። የባንኩ ቃል ከዚያ ውል የተለየ ነው። ግልጽ ማጭበርበር ካላሳየን በቀር ይህ ደብዳቤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም።»

ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረው። ከአሥራ አራት ቀን በፊት ስሰማው የሰው ሕግ አይደለም ብዬ አንቺ ላይ ጽፌ ነበር። ዛሬ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንኑ ቃል ስሰማ ሰውዬውን ልስመው ምንም አልቀረኝ። አክስቲቱ ነገረኛ ናት፣ ግን ለሁሉም ያው ነገረኛ ናት።

እታለም ስንወጣ «ናሙናውን ግን ማህተሙ እንዳለ አስቀምጪው» አለችኝ። «እሱ ከመጣ በውላችን እናወራዋለን። ብርድ ልብሴን አላፍርበትም።»

ሐሙስ፣ ቀን 28

ስልኩ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። እታለም ማሽን አጠገብ ነበረች፤ በምልክት ዝም አስባለቻቸው። ስድስቱም ማሽን ቆመ። ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ «እሺ» አለች፣ ስልኩን ዘጋች።

«ሰነዱ ተስማምቷል። ገንዘቡ ገብቷል» አለች።

ጋሼ «ምን ያህሉ?» አላት።

«ሙሉው።»

ማንም አልጮኸም። ያቺ ደረጃው ላይ የሰማኋት ሸማኔ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። ጋሼ የመስኮቱን ጥግ ማሽን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ፈረስ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጸሐፊዋ፣ ሰማዩን ዛሬ እንዴት ታዪዋለሽ?» አለኝ።

«ግራጫ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። ሁሉም ሳቁብኝ። ይገባኛል።

ቅዳሜ፣ ቀን 30

የክር ነጋዴው ትናንት ገንዘቡን ወሰደ፣ የማሽኖቹ የመያዣ ወረቀት ፊታችን ተቀደደ። ለተቆጣጣሪው እናት የጥጥ ብርድ ልብስ ላክንላቸው፤ ከላይ ማስታወሻ አደረግኩ፣ «ግራጫ ነው» የሚል።

ዛሬ ከሰዓት እታለም ፎቅ ወጣች። ቀስ እያለች ነው የወጣችው፣ በእጇ ፖስታ አለ። ሌላ ገዢ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ኤልሲ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችውና አጠገቡ ባዶ ወረቀት አስቀመጠች።

«ጻፊ» አለች።

«ጋሼ ይጻፈው፣ እታለም። ወይም ባንክ የሚያውቅ ሰው ቅጠሪ።»

«አንቺ ነሽ የምትጽፊው። እኔ ደግሞ ከአሁን በኋላ አነባለሁ። ቃል በቃል።» ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አደረገች። መነጽር እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።

ኤልሲውን ገለጥኩት። «ቡናማ የጥጥ ብርድ ልብስ፣ ጠርዙ የተሰፋ።» ቡናማ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ፣ ብዕሩን ሳነሳ «የመከር ምድር ቀለም» የሚል ነገር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ጣቴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እታለም ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ቡናማ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት መስመር ጽፈን ቆምን፤ የቀረውን ሰኞ እንጨርሰዋለን። ያቆምንበት ላይ የቅናሹን ካርድ አስገብቼ ኤልሲውን ዘግቼዋለሁ። አሥራ ሁለት መስመር ይቀራል። እጄ እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ አርፋ ከተቀመጠች ሰኞ ማታ ልነግርሽ እመጣለሁ፤ ካላረፈችም እመጣለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ የምነግረው ለእታለም ነው፣ አንቺ ሁለተኛ ነሽ።